ኢንሱሊን ወይስ ሳምንታዊው መርፌ? ለዓይነት 2 ስኳር የሚወጉ መድኃኒቶች በምን ይለያያሉ

በእንክብል ሲታከም የቆየ የዓይነት 2 ስኳር ታማሚ «ከእንግዲህ መርፌ ያስፈልጋል» ሲባል ወዲያው የሚያስበው ኢንሱሊንን ነው። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቢሆን ግምቱ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ የመድኃኒት ቤተሰብ መጥቷል፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ኢንሱሊንን አቆይተው በእሱ ይጀምራሉ። «መርፌ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች አሉ ማለት ነው። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው አንዱን በሌላው ሚዛን ከመመዘን ነው።

ኢንሱሊን የጎደለውን ሆርሞን ራሱን ይተካል። የተወጋ 10 ዩኒት፣ ስኳርዎ 300 ቢሆንም 75 ቢሆንም ሥራውን ይሠራል፤ በሉ አልበሉ አይጠይቅም። ጂኤልፒ-1 የሚባሉት መድኃኒቶች ግን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚቀሰቅሱ መልእክተኞች ናቸው፤ መልእክታቸው የሚሰማውም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ነው። ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ኢንሱሊን ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ጂኤልፒ-1 ብቻውን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። በአንጻሩ ቆሽቱ የደከመ ሰው ዘንድ መልእክተኛው የሚቀሰቅሰው ሲያጣ፣ ኢንሱሊን መጠኑ እየጨመረ መሥራቱን ይቀጥላል።

ከአንጀት የሚነሣው መልእክት

ጂኤልፒ-1 ምግብ ስንበላ አንጀት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ዲፒፒ-4 የሚባል ኢንዛይም በሁለት ደቂቃ ገደማ ስለሚሰባብረው እንዳለ ለመድኃኒትነት አይሆንም። መፍትሔው የተገኘው ካልተጠበቀ ቦታ ነው፤ ጊላ ሞንስተር ከሚባል መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ። እዚያ የተገኘው ንጥረ ነገር ከሆርሞኑ ጋር ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ኢንዛይሙ ግን ቶሎ አያፈርሰውም። በእሱ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ኤክሰናታይድ በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በፊት ይወጋል። ቀጥሎ በቀን አንዴ የሚወጋው ሊራግሉታይድ፣ ከዚያም በሳምንት አንዴ የሚወጉት ዱላግሉታይድ (2014) እና ሴማግሉታይድ (2017) መጡ። ሴማግሉታይድ ሳምንት የሚቆየው በደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚዘዋወር ነው። በ2022 የተፈቀደው ቲርዘፓታይድ ደግሞ በጂኤልፒ-1 ላይ ጂአይፒ የሚባለውን ሌላ የአንጀት ሆርሞን መቀበያም ይነካል።

ሁሉም የሚሠሩት በአራት መንገድ ነው፤ ስኳር ሲጨምር ኢንሱሊን ያስወጣሉ፣ ጉበትን ስኳር እንዲለቅ የሚያዝዘውን ግሉካጎን ይቀንሳሉ፣ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያሉ፣ አንጎል ላይም የመጥገብ ስሜት ይፈጥራሉ። ክብደት የሚቀንሰው በዋናነት በመጨረሻው ነው። የማቅለሽለሹ ምንጭም ከነዚሁ ሥራዎች የራቀ አይደለም።

በጉልበት ይለያያሉ። በ2021 ውጤቱ በታተመ ጥናት ቲርዘፓታይድና 1 ሚሊግራም ሴማግሉታይድ ለ40 ሳምንት ፊት ለፊት ተወዳደሩ። ኤዋንሲ (የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ) በሴማግሉታይድ በ1.86 ነጥብ ወረደ፤ በቲርዘፓታይድ እንደ መጠኑ ከ2.0 እስከ 2.3። ክብደት ደግሞ በሴማግሉታይድ 5.7 ኪሎ፣ በቲርዘፓታይድ ከ7.6 እስከ 11.2 ኪሎ ቀነሰ። ቁጥሮቹን ሲያዩ ግን ሴማግሉታይድ እስከ 2 ሚሊግራም እንደሚሄድና ያ መጠን በውድድሩ እንዳልነበረ ያስታውሱ።

ደግሞም ስኳር ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ ልብንና ኩላሊትን መጠበቅ ሌላ። ሊራግሉታይድ በ2016 በታተመው ትልቅ ጥናት የልብ ድካም በሽታን ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና በልብና ደም ሥር በሽታ መሞትን በአንድነት በ13 በመቶ ቀንሷል። ሴማግሉታይድና ዱላግሉታይድም ተመሳሳይ ጥቅም አሳይተዋል። በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ የኩላሊት ሕመም ባለባቸው የዓይነት 2 ታማሚዎች ዘንድ ሴማግሉታይድ ከባድ የኩላሊት ጉዳትን፣ በኩላሊትና በልብ ምክንያት መሞትንም ጨምሮ፣ በ24 በመቶ እንደቀነሰ አረጋገጠ። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ሊክሲሰናታይድ ግን ልብን አልጎዳም፣ አልጠቀመምም። ስለዚህ «ሁሉም አንድ ናቸው» የሚለው ልብ ወይም ኩላሊት ለታመመ ሰው አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 ሴማግሉታይድን፣ ዱላግሉታይድን፣ ሊራግሉታይድንና ቲርዘፓታይድን አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ፣ ያሰበው ከስኳሩ ጋር የልብና ደም ሥር ወይም የኩላሊት በሽታና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ነው።

አወሳሰዱ ደረጃ በደረጃ ነው። ሴማግሉታይድ በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ለ4 ሳምንት፣ ቀጥሎ 0.5፣ ካስፈለገ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ 1፣ ከዚያ 2። ቲርዘፓታይድ በ2.5 ይጀምርና ከ4 ሳምንት በኋላ 5 ይሆናል፤ ከዚያ ቢያንስ በየ4 ሳምንቱ 2.5 እየተጨመረ እስከ 15 ሊደርስ ይችላል። ዱላግሉታይድ 0.75፣ 1.5፣ 3፣ 4.5። ሊራግሉታይድ በየቀኑ 0.6 ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ 1.2፣ ካስፈለገ 1.8። የሴማግሉታይድና የቲርዘፓታይድ የመጀመሪያ መጠን ስኳር ለማውረድ ታስቦ የሚሰጥ አይደለም፤ ሆድን ለማለማመድ ነው። ይህ ያልተነገረው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ስኳሩን ለክቶ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ቸኩሎ ሁለት ደረጃ ይዘላል፣ ከዚያም በትውከት ሆስፒታል ይገባል።

ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ መጠኑ በጨመረ ሰሞን ይበረቱና ይቀንሳሉ። ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ቅባት መቀነስ፣ ከሁሉ በላይ የመጥገብ ስሜት እንደመጣ ማቆም ያግዛል። የቀረበው ምግብ ካላለቀ አይነሣም የሚል ልማድ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይስማማም። መታገሥ የማይገባቸው ምልክቶችም አሉ። የማያቋርጥ ትውከት ፈሳሽ አሟጥጦ ኩላሊትን ይጎዳል። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ የማይለቅ የላይኛው ሆድ ሕመም የቆሽት ብግነት ሊሆን ስለሚችል መርፌው ቆሞ በአስቸኳይ መታየት አለበት። ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም ደግሞ፣ በተለይ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ፣ የሐሞት ጠጠርን ያስጠረጥራል።

ራሱ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው እነዚህን መድኃኒቶች አይወስድም። ጨጓራው ምግብ ማሳለፍ የተሳነውም እንዲሁ። የዓይን ሬቲና ጉዳት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ዓይኑን ይመርመር፤ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በድንገት ሲወርድ ጉዳቱ ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ 2 ወር ቀድማ ታቆማለች። የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ሴት ቲርዘፓታይድ ስትጀምርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ኮንዶም ወይም ሌላ የማይዋጥ መከላከያ መጠቀም ይኖርባታል፤ ጨጓራው ስለሚዘገይ የእንክብሉ አቅም ይቀንሳል። ማደንዘዣ የሚሰጥበት ቀዶ ሕክምና ካለም ሐኪሞቹ አስቀድመው ይወቁ፤ የጾመ ሰው ጨጓራ ውስጥ ምግብ ሊቆይ ይችላል።

የሳምንቱ መርፌ ቢረሳስ? ሴማግሉታይድ ከሆነ ቀኑ ካለፈ እስከ 5 ቀን፣ ቲርዘፓታይድ እስከ 4 ቀን ድረስ ሲያስታውሱ መውጋት ይቻላል። ዱላግሉታይድ ለሚቀጥለው መርፌ ቢያንስ 3 ቀን ከቀረ ይወጋል። ጊዜው ካለፈ የረሱትን ትተው በመደበኛው ቀን ይቀጥሉ፤ ለማካካስ ሁለት አይወጋም።

ኢንሱሊን፦ በሰዓቱ ይለዩት

የኢንሱሊን ዓይነቶች ስማቸው ብዙ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን መቼ ይጀምራል፣ መቼ ይበረታል፣ መቼ ያበቃል የሚለው ነው። ሬጉላር በ30 ደቂቃ ገደማ ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ይበረታል፤ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት የሚወጋውም ለዚህ ነው። ሊስፕሮ፣ አስፓርትና ግሉሊሲን ፈጣኖች ናቸው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራሉ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያበቃሉ። ደፍራሳው ኤንፒኤች ከ1 እስከ 2 ሰዓት ዘግይቶ ይነሣና ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ስለዚህ በመኝታ ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች የሚበረታው ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። ግላርጂን ጎላ ያለ ጫፍ ሳይኖረው 24 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ዴግሉዴክ ከ40 ሰዓት በላይ። ሁለቱ ከኤንፒኤች የበለጠ ስኳር የማውረድ ጉልበት የላቸውም፤ ኤዋንሲ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ተቀራራቢ ነው። ትርፋቸው የሌሊት ስኳር መውረድን መቀነሳቸው ነው። ሌሊት ስኳሩ የማይወርድበት ሰው በኤንፒኤች ደህና ከሆነ፣ አዲስ ስለወጣ ብቻ ለመቀየር አይቸኩል።

በዓይነት 2 አጀማመሩ ብዙ ጊዜ በአንድ የመሠረት ኢንሱሊን (እንደ ኤንፒኤች ወይም ግላርጂን ያለ፣ ለምግብ ሳይሆን ለረጅም ሰዓት የሚሠራ) ነው፤ በቀን 10 ዩኒት፣ ወይም በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ዩኒት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ7 እስከ 14 ዩኒት ይሆናል። ከዚያ መሪው ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ የሚለካው ስኳር ነው። ለብዙ አዋቂዎች ዒላማው ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ እዚያ እስኪደረስ በየ3 ቀኑ 2 ዩኒት ይጨመራል። ያለ ግልጽ ምክንያት ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ መጠኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀነሳል። ለአረጋውያንና ለብቻቸው ለሚኖሩ ሰዎች ዒላማው ላላ ማለት አለበት።

ትልቁ ስህተት ሁለት ፊት አለው። አንዱ በ10 ዩኒት ጀምሮ ለዓመታት በ10 መቅረት ነው፤ መነሻው መድረሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ሌላው መሠረቱን ያለ ልክ መቆለል ነው። መጠኑ በኪሎ ከ0.5 ዩኒት ካለፈ (80 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ40 ዩኒት በላይ)፣ ወይም ስኳሩ ከመኝታ እስከ ጠዋት ከ50 ሚሊግራም በላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ችግሩ ምግብ ተከትሎ የሚወጣው ስኳር እንጂ የመሠረቱ ማነስ አይደለም። ያኔ የሚያስፈልገው ጂኤልፒ-1 መጨመር ወይም በዋናው ምግብ ላይ 4 ዩኒት ፈጣን ኢንሱሊን መጀመር ነው።

70/30 የሚባለው ድብልቅ 70 በመቶ ኤንፒኤች፣ 30 በመቶ ሬጉላር ነው። በቀን በሁለት መርፌ ያልቃል፤ ግን ሰውየውን በሰዓት ያስረዋል። የቀኑ ምግብ ከዘገየ ወይም ከተዘለለ፣ ጠዋት የተወጋው ኤንፒኤች አይጠብቅም።

ኢንሱሊን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ኪሎ መጨመሩ የተለመደ ነው። በሽንት ይፈስ የነበረው ስኳር አሁን በሰውነት ይቀራል። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ፣ ለዓመታት የተስማማ መጠን በድንገት ይበዛል። ያለ ምክንያት ስኳሩ መውረድ የጀመረ ሰው «ተሻለኝ» ከማለቱ በፊት ኩላሊቱን ያስመርምር።

ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብና መደናገር ይመጣሉ። 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር (ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ) ይወሰድና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልተነሣ ይደገማል። ቸኮሌት ቅባቱ ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም በአፍ አይሰጥ፤ ግሉካጎን ካለ ይወጋ፣ ከሌለ ወደ ሕክምና ይሩጡ።

ከየትኛው ይጀመር?

ኢንሱሊን ግድ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሰውየው ያለ ፈቃዱ ከከሳ፣ ሽንትና ጥሙ ከበዛ፣ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ በማቃጠሉ የሚወጣ ንጥረ ነገር) ከተገኘ፣ ስኳሩ 300 ከደረሰ ወይም ኤዋንሲው ከ10 ካለፈ መልእክተኛ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። በእርግዝናም ኢንሱሊን ይመረጣል። ቀጭን ሆኖ በእንክብል ቶሎ መቆጣጠር ያቃተው አዋቂም «ዓይነት 2» ተብሎ የተጻፈለት በስህተት ሊሆን ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ዓይነት 1 በአዋቂነትም ይከሰታል። ጥሩው ዜና፣ በጣም ከፍ ያለ ስኳር ራሱ ቆሽትን ስለሚያደነዝዝ፣ ጥቂት ሳምንት በኢንሱሊን ካረፈ በኋላ ኢንሱሊኑ የሚቀነስላቸው ወይም የሚቆምላቸው ታማሚዎች መኖራቸው ነው።

ከነዚህ ውጭ ላለው፣ በተለይ ውፍረት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ መድኃኒቱ እስከተገኘና አቅም እስከፈቀደ ድረስ ጂኤልፒ-1 ይቀድማል። ካልተገኘ ኢንሱሊን «የመጨረሻ አማራጭ» ወይም የመቀጣጫ መድኃኒት አይደለም። ጂኤልፒ-1 እየተጠበቀ በ11 ኤዋንሲ ዓመት ማሳለፍ ዓይንንና ኩላሊትን ያስከፍላል።

ሁለቱ አብረውም ይሄዳሉ። ዴግሉዴክ ከሊራግሉታይድ ጋር፣ ግላርጂን ከሊክሲሰናታይድ ጋር በአንድ ፔን (እስክሪብቶ መሰል መወጊያ) ተቀላቅለው ይመረታሉ። በኢንሱሊን ላይ ጂኤልፒ-1 ሲጨመር ኤዋንሲው ለዒላማው የቀረበ ከሆነ ኢንሱሊኑን 20 በመቶ ያህል መቀነስ የተለመደ ነው። ኢንሱሊኑን በአንዴ መጣል ግን ኬቶአሲዶሲስ የሚባለውን አደገኛ ሁኔታ አምጥቶ ያውቃል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚባለውን የስኳር እንክብል የሚወስድም መጠኑ ይቀነስለት፤ ዲፒፒ-4 ኢንዛይምን የሚያግዱት ሲታግሊፕቲንና ዘመዶቹ ደግሞ ከጂኤልፒ-1 ጋር ምንም ስለማይጨምሩ ይቆማሉ። ሜትፎርሚን ይቀጥላል።

መድኃኒቱን ከመውቀስ በፊት

«መርፌው አልሠራም» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የአወጋግ ወይም የአያያዝ ችግር ነው። በመጀመሪያ የሚወጉበትን ቦታ ይዳስሱ። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መውጋት ከቆዳ ሥር የሚያብጥ፣ እንደ ላስቲክ የሚል ስብ ይፈጥራል። እዚያ ሕመሙ ስለሚቀንስ ሰው ይወደዋል፤ ኢንሱሊኑ ግን ዛሬ ግማሹ፣ ነገ ሁሉም ይገባል። ከእብጠቱ ወደ ጤነኛ ቦታ ሲዛወሩ መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ስለሚችል ስኳሩን በቅርብ ይከታተሉ። ሆድ (ከእንብርት ሁለት ጣት ርቆ)፣ ጭን፣ መቀመጫና የላይኛው ክንድ ይፈራረቁ፤ በየመርፌው መካከልም ቢያንስ የአንድ ጣት ስፋት ይኑር። 4 ሚሊሜትር የፔን መርፌ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ቆዳው በሁለት ጣት ይነሣ። የኢንሱሊን ፔን ከመወጋቱ በፊት 2 ዩኒት ወደ አየር ተገፍቶ ጠብታ ይታይ፤ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ እስከ 10 ተቆጥሮ ይነቀል።

ቀጥሎ የሲሪንጁ ልክ። አብዛኛው ኢንሱሊን ዩ-100 ነው፤ በ1 ሚሊሊትር 100 ዩኒት። ዩ-40 ተብሎ በተሠራ ሲሪንጅ እስከ 20 መስመር ከተቀዳ የሚገባው 50 ዩኒት ነው። ይህ ሰው ይገድላል። በብልቃጡና በሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ሳያዩ አይቅዱ። ከፔን ውስጥ በሲሪንጅ መቅዳትም ተመሳሳይ አደጋ አለው፤ ግላርጂን ዩ-300 ከሆነ በዩ-100 ሲሪንጅ እስከ 20 የተቀዳው 60 ዩኒት ይሆናል።

ኤንፒኤች ሳይቀላቀል ከተቀዳ ዛሬ ውሃው፣ ነገ ዝቃጩ ይወጋል። ብልቃጡን በመዳፍ መካከል 10 ጊዜ ያንከባልሉ፣ 10 ጊዜ ይገልብጡ፤ ወተት መስሎ እኩል ሲደፈርስ ይቅዱ፤ አይናጥ። 6 ሬጉላርና 12 ኤንፒኤች በአንድ ሲሪንጅ ለመቅዳት፦ 12 ዩኒት አየር ወደ ኤንፒኤቹ ያስገቡና ባዶውን ያውጡ፤ 6 ዩኒት አየር ወደ ሬጉላሩ አስገብተው 6 ይቅዱ፤ ከዚያ ወደ ኤንፒኤቹ ተመልሰው እስከ 18 ይሳቡ። ንጹሑ (ጥርት ያለው ሬጉላር) የሚቀድመው፣ ጠብታ ኤንፒኤች ሬጉላሩ ብልቃጥ ውስጥ ከገባ ፈጣኑን ስለሚያዘገየው ነው። ግላርጂን ከማንም ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም።

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ከበረዶ ቤቱ አጠገብ ግን አይሁን፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊንም ሆነ ጂኤልፒ-1 ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች በአብዛኛው 28 ቀን ይቆያል፤ ዴግሉዴክና የሴማግሉታይድ ፔን 56 ቀን፣ ዱላግሉታይድ ከማቀዝቀዣ ውጭ 14 ቀን። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ንጹሑ ከደፈረሰ፣ ደፍራሳው ከተቋጠረ ወይም ግድግዳው ላይ እንደ ውርጭ ከተለጠፈ አይወጋ።

ፔንን ለሌላ ሰው ማዋስ፣ መርፌው ቢቀየርም፣ ክልክል ነው፤ ደም ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ሴማግሉታይድ የሚገዛ ደግሞ ማሸጊያውንና የምርት ቁጥሩን ይመርምር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በሦስት አገሮች ስለተገኘ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ተመልሶ ሳይደፈን፣ ጠንካራ ግድግዳ ባለው ዕቃ ውስጥ ይጣል።